ከፖስታ ቤቱ በር ወዲያ፤ የኢትዮጵያ ፖስታ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ



በሰሜን ሸዋ ካርታ ላይ መሐል ሜዳንና ዓለም ከተማን በማስመሪያ ያገናኘ ሰው በሁለቱ መካከል የሚያገኘው ርቀት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንደኛዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ስትሆን ሁለተኛዋ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ናት። ጉልበቱ የጸና መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይደርሳል። ደብዳቤ ግን በዚህ መንገድ ሲሄድ አልኖረም። ከመሐል ሜዳ የተላከው በዋናው የመኪና መንገድ በሞላሌ አድርጎ ጣርማ በር ይወጣል፤ ከዚያ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያም ተለይቶ ወደ ሌላ ከረጢት ከገባ በኋላ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ ይደርሳል። ጎረቤት ለጎረቤት የጻፈው ወረቀት 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሠራተኛ ስንፍና ይታየዋል። ነገሩ ግን የስንፍና ሳይሆን የመረብ ቅርጽ ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ እንደ መንገዱና እንደ ስልኩ ሁሉ ከአንድ መሐል ተነሥቶ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ወደ ዳር የተዘረጋ ሲሆን፣ ዳርን ከዳር የሚያገናኘው ጠርዝ ግን ሳይሠራ የቀረ ነው። ከዘንጉ ማብቂያ፣ ማለትም ከወረዳው ፖስታ ቤት በር፣ እስከ ገበሬው ጎጆ ያለውን እርከን ደግሞ ጨርሶ የነደፈው መሐንዲስ የለም። የዛሬው ንግግር ጉዳይ ይኸው ያልተነደፈ እርከን ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ይህን እርከን ተሸክሞ የኖረው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ቴምብር፣ በማንም መዝገብ ላይ ሳይጻፍለት።

የመንግሥት ፖስታ ከመቋቋሙ በፊት መልእክት አልነበረም ማለት አይደለም። ንጉሥ ለመኳንንቱ፣ መኳንንቱ ለምስለኔው፣ ጳጳሱ ለገዳሙ የሚልከው ወረቀት በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ይጓዝ ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ አስቆንጥጦ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። አያያዙ ለጌጥ አልነበረም፤ ወረቀቱን ከእጅ ላብ ይጠብቀዋል፤ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ይህ ሰው የራሱ ጉዳይ ያለው መንገደኛ ሳይሆን የሌላ ሰው ቃል ተሸካሚ መሆኑን ከሩቅ ያስታውቃል። ኬላ ጠባቂውም ሆነ አሳዳሪው ባላገር በትሩን አይቶ እንደ ላኪው ክብር ያስተናግደዋል። ዛሬ በአደራ ደብዳቤ ላይ የሚመታው ማኅተም የሚሠራውን ሥራ ያን ጊዜ በትሩ ይሠራው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሥርዓት የሚያገለግለው ግን የላኪው ስም እስከሚከበርበት ወሰን ድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ከራሱ ከግሼ መንገድ የተገኘ ምስክር አለ። በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከአንኮበር ተነሥተው በሰላ ድንጋይ፣ በመንዝና በግሼ አድርገው ወደ ሰሜን ተጓዙ። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ግዛት ውስጥ የንጉሡ ስም ጥላ ሆኗቸው አለፉ። ወሎ ከገቡ በኋላ ግን የዚያ አገር ባላባት አዳራ ቢሌ አስሮ ንብረታቸውን ገፈፋቸው። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ጥላው ግን ከወሰኑ አላለፈም። ፖስታ የሚባለው ነገር አዲስነቱ እዚህ ላይ ነው፤ መልእክቱ በላኪው ክብር ሳይሆን በተከፈለለት ዋጋ እንዲከበር ማድረግ።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የፖስታን አገልግሎት በአዋጅ ያቋቋሙት በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ነው። የሐሳቡ ዋና አቀነባባሪ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበሩ። ኢልግ በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ከገቡ ጀምሮ ከድልድይ እስከ ውኃ ቧንቧ ያልሞከሩት ሥራ አልነበረም። የምድር ባቡሩም ፈቃድ ለኚሁ ሰው የተሰጠው በዚያው ወር ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ወር መወለዳቸው እንዲያው አጋጣሚ አይመስልም፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ባሕሩ በር ያዞሩ ነበሩና። የሙያው ባልደረቦች በዚህ ታሪክ ውስጥ የአንድ መሐንዲስ እጅ በመኖሩ ደስ ሊላቸው ይችላል፤ ነገር ግን የመረቡ ቅርጽ አበሳም ከዚያው እጅ ይጀምራል።

የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. ለሽያጭ ቀረቡ። ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ዋጋ የተሰጣቸው ሰባት ዓይነቶች ነበሩ። ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ ደግሞ አንበሳውን የያዙ ሲሆኑ ቅርጻቸውን ያወጡት ፈረንሳዊው ዩዤን ሙሾን ናቸው። በጊዜው 16 ግርሽ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ስለ ነበረ ትልቁ ቴምብር አንድ ሙሉ ብር ያወጣ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ እነዚህ ቴምብሮች ከአገር ውጭ ዋጋ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልሆነች ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያው ቴምብር በተጨማሪ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ሊለጠፍበት ግድ ነበር። ይህ ችግር የተወገደው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኅብረቱ ውስጥ በገባች ጊዜ ነው። ከሐረር የሚነሣው ከረጢት በሯጭ፣ በበቅሎና በግመል ጅቡቲ ይደርስ የነበረው ቀርቶ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ መስመሩ በብረት ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ኅብረቱ በ1867 ዓ.ም. በስዊስ ከተማ በበርን ሲመሠረት የተቀበለው መርሕ አባል አገሮች ሁሉ ለደብዳቤ ልውውጥ አንድ ግዛት ናቸው የሚል ነው። ስለዚህም ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ ፓሪስ ላይ የተጣለን ደብዳቤ አዲስ አበባ ማድረስ በውል የታሰረ የመንግሥታት ግዴታ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ የተጣለን ደብዳቤ ግሼ ራቤል አጠገብ ካለ መንደር ለማድረስ ግን ማንንም የሚያስር ውል አልነበረም። ባሕር ማዶው ቀረበ፤ ጎረቤቱ ራቀ።

የዘመናዊው ፖስታ ሒሳብ መሠረት የእንግሊዛዊው የሮውላንድ ሂል ሥራ ነው። ሂል በ1829 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ አንድን ደብዳቤ ከለንደን እስከ ኤድንብራ ለማጓጓዝ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ፔኒ 36 እጅ አንድ እጅ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ወጪው ያለው በመንገዱ ላይ ሳይሆን በመቀበሉ፣ በመመዝገቡ፣ ከተቀባይ ዋጋ በመሰብሰቡ ላይ ነው። እንግዲያውስ ዋጋው በርቀት መለያየቱ ቀርቶ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ላኪውም አስቀድሞ ይክፈል አሉ። በ1832 ዓ.ም. ይኸው ሥራ ላይ ውሎ ቴምብር ተወለደ። ዓለም ሁሉ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ የወረሰው ይህንን ነው።

የሂል ሒሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሠረገላ የሚሄድበት መንገድና ቤቱ ቁጥር ያለው ከተማ ባለበት አገር የተሠራ ሒሳብ ነው። በአንድ ከረጢት ብዙ ደብዳቤ ሲታጨቅ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ከረጢቱ ተፈቶ ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ ወደየጎጆው ሲበተኑ ግን ወጪው መልሶ ይከመራል። ከለሚ አፋፍ እስከ ጀማ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከወንዙ እስከ ዓለም ከተማ ያለው ዳገትም ከዚህ ብዙ አያንስም። በመንዝ አምባው ሰፊና ለጥ ያለ ቢመስልም በየመካከሉ የሚሰነጥቀው ገደል አንዱን ቀበሌ ከሌላው ይለያል። ክረምት ሲገባ ጀማና ወንጪት ይሞላሉ፤ በእግር መሻገር አይታሰብም። እንዲህ ባለ አገር ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት፣ ሰዓቱም በወር ተለይቶ ነው የሚለካው። አንድ ዓይነት ዋጋ ያለው ቴምብር የደጋውን ሰው ከከተሜው ጋር እኩል ያደረገው ይመስላል፤ እኩል የሚሆነው ግን እስከ ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ብቻ ነው።

ከበሩ ወዲያ ያለውን ለመረዳት የአገልግሎቱን አደረጃጀት ማየት ያሻል። የጠላት ወረራ ዘመን አልፎ የኢትዮጵያ ፖስታ እንደገና የራሱን ቴምብር ማውጣት የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ስልክ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። በጥቅምት 1945 ዓ.ም. ቴሌኮሙኒኬሽን በቦርድ የሚተዳደር ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ ተለየ። መለያየቱ በወረቀት ላይ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ እንዲያውም ዋናው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዓለም ባንክ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላር ለአውራ ጎዳና፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ፣ 1.5 ሚሊዮን ደግሞ ለስልክና ለቴሌግራፍ የዋለ ነበር። ፖስታ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። መንገዱ ሲሠራ በመንገዱ ይሄዳል፤ መንገዱ ሲቆም እርሱም ይቆማል። በዚያው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የፖስታም ዕጣ አብሮ ተወሰነ።

ፖስታ በበኩሉ ራሱን የቻለ አቋም ያገኘው በ1959 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ነው። በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ የተሠራው የሚኒስቴሩና የዋናው ፖስታ ቤት ሕንፃ የዩጎዝላቪያ አርክቴክቶች የኢቫን ሽትራውስና የዝድራቭኮ ኮቫቼቪች ሥራ ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ በቸርችል ጎዳና የሚያልፍ የሙያው ሰው ቀና ብሎ ሳያየው አይሄድም። አወቃቀሩ ቀላል ነው፤ ከላይ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ቅርንጫፎች፣ ከዚያ ወኪሎች። ደብዳቤው የቀን ማኅተም ይመታበታል፤ በየመስመሩ ይለያል፤ ከረጢቱ ታሽጎ ከዝርዝሩ ጋር በአውቶቡስ ይጫናል። እዚህ ድረስ ያለው ሥራ በሥርዓት የተነደፈ ነው፤ ቢጠፋ የጠፋበት እርከን ይታወቃል፤ አደራ ደብዳቤ ከሆነም የየእጁ ፊርማ አለው።

ከዚያ በኋላ ግን ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የምትለይበት ነገር አለ። ፖስተኛ ቤት ለቤት አይዞርም፤ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው። መንገዶቹ ስም፣ ቤቶቹ ቁጥር ሳይኖራቸው ለቆዩ ከተሞች ይህ ብልህ መፍትሔ ነበር። ገጠሩን ግን ደብዳቤው ወዳለበት ይሄድ ዘንድ አስገደደው። በአንድ የወረዳ ከተማ ሣጥን የሚይዙት ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ ክህነቱና ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው። የቀረው ሕዝብ ሁሉ በእነዚህ ሣጥኖች ተጠግቶ ኖረ።

የአድራሻው አጻጻፍ ይህን ከማናቸውም መዝገብ ይበልጥ ይመሰክራል። በፖስታው ጀርባ ላይ ይድረስ ለእገሌ ተብሎ ይጀመርና፣ አውራጃው፣ ወረዳው፣ የትምህርት ቤቱ ሣጥን ቁጥር፣ ቀጥሎ በመምህር እገሌ በኩል፣ ከዚያ በቄስ እገሌ እጅ እየተባለ ይወርዳል። የአውሮፓ አድራሻ የቦታ ስም ነው፤ የመንዝ አድራሻ የሰዎች ሰንሰለት ነው። እንዲያውም አድራሻ ከማለት የጉዞ መመሪያ ማለት ይቀላል፤ እያንዳንዱ ስም ደብዳቤው እጅ የሚለውጥበትን ጣቢያ ይናገራልና። ስለ መረብ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ሊገረም ይገባዋል። ማንም ሳይነድፈው፣ ማንም ሳይከፍልበት፣ ከሣጥን እስከ ጎጆ የሚደርስ ሙሉ መስመር በአንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ተስሎ ይገኛል።

የሰንሰለቱ ዋና መገጣጠሚያ ገበያ ነው። ገበሬው ገብሱን፣ ሴቲቱ የፈተለችውን የበግ ጠጉር፣ ሸማኔው የሠራውን ባና ይዞ በሳምንት አንድ ቀን ከተማ ይወጣል፤ ሲመለስ የመንደሩን ደብዳቤ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ይወርዳል። የየከተማው የገበያ ቀን የተለያየ በመሆኑ ዛሬ እዚህ የቀረ ደብዳቤ ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ ገበያ ባለቤቱን ሊያገኝ ይችላል። በገበያ ያልተገናኘ በቤተ ክርስቲያን ይገናኛል፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ስሙ ይጠራል፤ ወይም ሰንበቴ ላይ ይሰጠዋል። የመንግሥት ፖስታ በአሽከርካሪው የጊዜ ሰሌዳ ይሄዳል፤ የሕዝቡ ፖስታ በገበያና በበዓል።

ይህ ሰንሰለት ዋጋ የለውም ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ከወረዳው ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው ደብዳቤ መጥቶልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ብሎ ቢነሣ ደርሶ መልሱ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈጅበታል። መጥቶ ካልሆነ ቀኑ በከንቱ ሄደ። የመዝራትና የማጨድ ወራት ከሆነ ቀኑ ከብዙ ቴምብር ዋጋ ይበልጣል። ላኪው ለመላው ጉዞ የከፈለ ይመስለዋል፤ የጉዞውን እጅግ ውድ ክፍል የከፈለው ግን ተቀባዩ ወይም የተቀባዩ ጎረቤት ነው።

ከሁሉም የሚጎዳው ቀን የተቆረጠለት ወረቀት ነው። የፖስታ ቤቱ ሰዓት የሚቆመው ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ በገባ ጊዜ ነው፤ የሕጉ ሰዓት ግን አይቆምም። መንዝ ስለ ርስቱ መሟገት የለመደ አገር እንደ መሆኑ የፍርድ ቤት መጥሪያ እዚያ ተራ ወረቀት አልነበረም። የጡረታ አበል ጥያቄ፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የአደራ ደብዳቤ መምጣቱን የሚያስታውቀው ብጣሽ ወረቀት ሁሉ በዚያው ሣጥን ይጠብቃሉ። የአደራው ደብዳቤ ባለቤቱ ሳይቀርብ የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍበት ለላኪው ይመለሳል፤ በመዝገቡም ላይ የሚጻፈው ተቀባዩ አለመቅረቡ እንጂ ወንዙ መሙላቱ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤው ጎጆው ከደረሰ በኋላ የሚያነበው ማነው? ለብዙ ዘመን ቄሱ፣ ደብተራው ወይም ትምህርት ቤት የገባው የጎረቤት ልጅ ነበር። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የደብዳቤ ምስጢር የተጠበቀ መሆኑ ተጽፏል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ በግልጽ ተጠቅሷል። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን የምስጢሩ ጠባቂ ሕጉ ሳይሆን አንባቢው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለ ፖስታ ታስቦ የተደረገ አልነበረም፤ ሆኖም የልጅዋን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራስዋ ዓይን ላነበበች እናት የሠራውን ሥራ የትኛውም የፖስታ ቤት ሕንፃ አልሠራላትም።

ደግሞ በዚያ አገር በደብዳቤ የማይነገር ቃል አለ። መርዶ ለባለቤቱ በወረቀት አይላክም። የሞተበት ሰው ሳያውቅ፣ ብቻውን፣ በመንገድ ላይ ከፍቶ እንዳያነበው ሲባል ደብዳቤው ለንስሐ አባቱ ወይም ለታመነ ጎረቤት ይጻፋል። እነርሱም ሽማግሌ ሰብስበው፣ ዘመድ አስጠርተው፣ ጎሕ ሳይቀድ ከደጁ ይቆማሉ። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ፣ ቀጥሎም በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ፣ ከሰሜን የሚመጣ ደብዳቤ በደጋው መንደር እንዴት ይጠበቅ እንደ ነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። በፖስታው ላይ የተጻፈው ስም የአባትየው ሳይሆን የቄሱ ከሆነ ገና ሳይከፈት ግማሹ ተነብቧል። ያ የሰው ሰንሰለት እንዲያው የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ የሚታይ ከሆነ ይህን ሥራ የሚሠራለት ሌላ ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰንሰለቱ ከመንግሥት ፖስታ ጋር ፊት ለፊት የቆመበትም ጊዜ ነበር። በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ የዘረጉት መንገድ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ ሲያልፍ ፖስታቸውና ወታደራቸው በላዩ ይሄድ ነበር። የራስ አበበ አረጋይና የሌሎችም አርበኞች መልእክት ግን ከመንገዱ ርቆ በመንዝ፣ በተጉለትና በመርሐቤቴ የእግር መንገድ ይተላለፋል። አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ አገር ሁለት ፖስታ ነበር፤ አንዱ አስፋልት ያለው፣ ሌላው ሰው ያለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ከሕንድ ልምድ መነሣት ይቻላል። ያች አገር ካሏት ከ150,000 በላይ ፖስታ ቤቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በገጠር የሚገኙ ናቸው፤ አብዛኞቹንም የሚያንቀሳቅሱት ሙሉ ቀን ተቀጣሪ ያልሆኑ፣ ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው፣ በዚያው መንደር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አሠራሩ ቀድሞ የነበረውን የመንደር መልእክተኛ አላጠፋውም፤ ከረጢት ሰጠው፣ መዝገብ ሰጠው፣ ጥቂት አበል ቆረጠለት። በመንዝና በመርሐቤቴም መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ በየገበያው የሚዞረው ነጋዴ አስቀድመው ፖስተኞች ናቸው፤ የጎደላቸው ሹመቱና አበሉ ነው። የአገልግሎት ጊዜም መቆጠር ያለበት ደብዳቤው ሣጥን እስኪገባ ሳይሆን ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ቢሆን፣ ክረምትና በጋም ለየብቻ ቢለካ፣ የት ላይ ወኪል እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። መሐል ሜዳንና ዓለም ከተማን በጎን የሚያገናኝ መስመር ነገር ደግሞ ከፖስታ አቅም በላይ ነው፤ ያ የመንገድ ሥራ ነውና ወደዚህ ማኅበር አባላት ጠረጴዛ ይመለሳል። መንገድ ሲጠና የተሽከርካሪ ብዛት ብቻ እየተቆጠረ ዳር ከዳር የሚገናኝበት መስመር ሁልጊዜ የማያዋጣ ሆኖ ይገኛል፤ ሰው መኪና በሌለበት መንገድ መኪና ሲቆጠር ሌላ ውጤት ከወዴት ይመጣል?

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል የሚሉ አሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። የእጅ ስልክ የደጋውን መንደር ከደረሰው ወዲህ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ለማለት ወረቀት የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ መላክ ስለ ተቻለ የፖስታ ቤቱ ሐዋላም ተቀናቃኝ አግኝቷል። ፖስታ ቤቱም ኢትዮ ፖስት በሚል ስም ፊቱን ወደ ዕቃና ወደ ፈጣን መልእክት አዙሯል። ቃል በአየር ላይ ሄደ፤ ገንዘብም በአየር ላይ ሄደ። መድኃኒት፣ መነጽር፣ የልጅ ጫማ፣ በማኅተም የተረጋገጠ የትምህርት ማስረጃ ግን ዛሬም በመንገድ ነው የሚሄዱት፤ ከወረዳው ከተማ ወዲያም ያው ገደል፣ ያው ወንዝ ይጠብቃቸዋል።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ማለዳ በአዲስ አበባው መናኸሪያ የመንዝና የመርሐቤቴ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ስፍራ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። አንዲት ሴት በጨርቅ ጠቅልላ የሰፋችውን ዕቃ ለረዳቱ ትሰጠዋለች። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው የአንድ ሰው ስምና የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቴምብር የለበትም፤ ማኅተም የለበትም፤ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም። ረዳቱ ጥቂት ብር ተቀብሎ ዕቃውን ከመቀመጫው ሥር ያስገባዋል። ሴትዮዋም ዘወር ብላ ስልክ ትደውላለች፤ ነገ ከገበያ የሚመለስ ሰው ፈልጋችሁ ተቀበሉ ትላለች።